ልጅህ ባሕር ዳር ቤት ገዛ

ታደሰ፣

ይህን የምጽፍልህ ከመርሳ፣ ከቤታችን አይደለም። ኋላ ግራ እንዳትጋባ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ። ከተለየኸን አራት ዓመት አልፎ አምስተኛው ተጋምሷል። እስከ ዛሬ አንድም ቃል ጽፌልህ አላውቅም። በሕይወት ሳለህም ጽፌልህ አላውቅም፤ ጋራዡና ሱቁ አንድ ግቢ፣ ቤታችን ከኋላ፣ ቀኑን ሙሉ እየተያየን ምን ይጻፋል? አሁን ግን ከሀገር ወጥቻለሁ። ከሀገር የወጣ ሰው እዚያው ለቀረው ሰው ወሬ መላክ አለበት። የቀረኸው ደግሞ አንተ ነህ።

ያለሁት ኬንያ ነው፤ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ማሊንዲ የምትባል ከተማ አለች፣ እዚያ። እናትህም አብረውኝ ናቸው። አዎ፣ እናትህ። አሁን ይህን ስጽፍ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ከጎረቤታችን ሴትዮ ጋር እያወሩ ናቸው፤ እሳቸው በአማርኛ፣ ሴትዮዋ በስዋሂሊ። እስካሁን አልተጣሉም።

እንዴት እዚህ እንደደረስን ልንገርህ። ታሪኩ ከቀብርህ ስለሚጀምር ከዚያ ልነሣ።

የዚያን ዕለት ጠዋት አይሱዙው ሥር ወድቀህ ያገኘህ ሰይድ ነው። ስንት ዓመት አብሮህ የሠራ ሰው ነውና መኪናውን እሱ ነዳ። ወደ ወልድያ ሆስፒታል ሲወስድህ ሲሪንቃን እንዳለፋችሁ ትንፋሽህ መቆሙን አውቆታል፤ ግን አልቆመም፣ እስከ ሆስፒታሉ በር ነዳ። በማግሥቱ ቀበርንህ። ሰው በጣም ብዙ ነበር። የሾፌሩ ብዛት መንገዱን እስከ ድልድዩ ድረስ በመኪና ሞላው፤ አንተ ብታየው ማን እንዴት እንዳቆመ ትተች ነበር።

ልጃችን ብሩክ ግን አልነበረም። የመርከብ ሞተር መሐንዲስ ሆኖ ውቅያኖስ መሀል ነበረ። ለቀጠሩት ሰዎች ደውዬ ነገርኳቸው፣ እነሱ ለመርከቡ ነገሩ። እሱ የደወለልኝ ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ከተቀመጥን በኋላ ነው። እንዲሁ ስልኩን ይዘን ቆየን፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

እናትህ ይህን አልተቀበሉትም። «አንድ ልጅ እያለው ልጄን ጎረቤት አፈር አለበሰው» አሉ፤ ለለቅሶ ለመጣው ሁሉ ይህንኑ አሉ። ከዚያ በኋላ የብሩክን ስም ከአፋቸው አውጥተው አያውቁም። «መርከበኛው» ይሉታል። ስልክ ሲጮህ «መርከበኛው ነው?» ይሉና እስክንጨርስ ግቢ ውስጥ ወጥተው ይቆማሉ። ኮንትራቱ አልቆ ከወራት በኋላ ሲመጣ ጉልበታቸውን ሲስም ዝም አሉት፤ አንድ ትሪ ላይ ግን አብረውት አልበሉም። ሳምንት ያህል ቆይቶ ተመለሰ። እኔ መሀል አልገባሁም። ሁለቱም ያንተ ናቸው፤ ካንተ ሌላ የሚያስታርቃቸው አልነበረም፣ አንተ ደግሞ የለህም።

ዘመድ ሁሉ እኔ ወደ ወልድያ እኅቴ ዘንድ፣ እናትህ ደግሞ ወደ ጉባ ላፍቶ ደጋ ወደ ወንድሞቻቸው ልጆች የምንመለስ መስሎት ነበር። ሁለታችንም አልሄድንም። ተነጋግረንበት አይደለም። አንድ ቀን እሳቸው የሱቁን በር ከውስጥ ከፈቱልኝ፣ እኔ ቁርሳቸውን አቀረብኩ፣ በማግሥቱም እንደዚያው ሆነ፣ በቃ። እኔ የፍሬን ሸራና የሞተር ቺንጋ እሸጣለሁ፣ እሳቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ማን ወደ ደሴ እንደሄደ፣ ማን ከወልድያ እንደመጣ ይነግሩኛል። መንገዱ በሚዘጋበት ሳምንት ደግሞ የሚነግሩኝ ያጣሉ።

እንዲህ እያለን አንድ ቀን ብሩክ ደወለና «እማዬ፣ ባሕር ዳር ቤት ልገዛ ነው» አለኝ።

እኔም ጥሩ ነው አልኩ። የተማረው እዚያ ነው፣ ከተማዋን ያውቃታል፣ ከመርሳም ያን ያህል አይርቅም። ለጎረቤታችን ለጦይባ ነገርኳት፣ «ማሻ አላህ» አለች። ለእኅቴ ደውዬ ነገርኳት። ለእናትህም ነገርኳቸው፤ እሳቸውም «ዓባይ አጠገብ ነው?» አሉኝ። ካንተ ሞት ወዲህ ስለ ብሩክ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለነበር እኔም ሳላጣራ «አዎ» አልኳቸው።

ከሳምንት በኋላ ቪዲዮ ላከልኝ። ከፈትኩት። ውኃው ማዶ የለውም። ደወልኩለት።

«ጣናን እንዲህ ያተለቀው ስልክህ ነው?» አልኩት።

ሳቀ፤ ካንተ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። «እማዬ፣ ባሕሩ ዳር ነው ያልኩሽ፣ ባሕሩ! ኬንያ ነው ያለሁት።»

ከዚያ ወሬውን ከየሰዉ መመለስ ነበረብኝ። ጦይባ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እናትህ አልሳቁም። «ዱሮም ቢሆን ከውኃ ላይ መች ይወርዳል» ብለው ወደ ግቢ ወጡ።

ቤቱን በስልክ እየዞረ አሳየኝ። ሁለት መኝታ ቤት፣ ሰፊ በረንዳ፣ በነጭ ድንጋይ የተሠራ ግድግዳ፤ ድንጋዩ ከባሕር የወጣ ነው አለኝ። በግቢው የማንጎ ዛፍ አለ። የመርሳ ልጅ ማንጎ አይቶ አይደነቅም፤ እኔ የመስኮቱን ብረት አስጠጋልኝ አልኩት። በዝገት ተበልቷል። የበሩ ማጠፊያም፣ የጣራው ቆርቆሮ ጠርዝም እንዲሁ። የመካኒክ ሚስት ነኝና ይህን ሳላይ አላልፍም።

«የሚሸጥልህ ቤት ሳይሆን ዝገት ነው» አልኩት።

«ጨው ነው፣ እማዬ። እዚህ ሁሉንም ነገር ይበላል። የጀልባ ሞተርም ይበላል። ለኔ ሥራ ማለት እሱ ነው።»

ነገሩን ያኔ ነው ያብራራልኝ። ከመርከብ ሊወርድ ነው። ከአንድ የዚያ ሀገር ሰው ጋር ሆኖ የዓሣ አጥማጆችንና የጎብኚዎችን ጀልባ ሞተር የሚጠግን ጋራዥ ሊከፍት ነው። ቤቱን የሚሸጠው አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ነው፤ ልጆቹ አርጅተሃል፣ ወደ ሀገርህ ተመለስ ብለውታል። የሱ ልጆች ወደ ብርድ ይጠሩታል፣ የኛው ወደ ሙቀት ይጠራናል። መሬቱ ለውጭ ሰው በሊዝ እንጂ በርስት አይሰጥም አለ፤ ዘጠና ዘጠኝ ዓመት ነው። «ለአያትህ ይበቃቸዋል» አልኩት።

ከዚያ የምሬን ጠየቅሁት። «ወልድያ ቤት ጠፍቶ ነው? ደሴ ጠፍቶ ነው? እዚያ ሰው ሀገር ምን ታደርጋለህ?»

እሱም እንዲህ አለኝ፦ «እኔ የማውቀው የባሕር ሞተር ነው፣ እማዬ። ባሕር ደግሞ እኛ ጋ የለም። እዚህ ምድር ላይ ከሆንኩ ግን ስልክ ሲደወልልኝ መምጣት እችላለሁ።»

የትኛውን ስልክ ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ቤቱን ግዛው አልኩት። ጠበቃ አቁም፣ ደላላው የሚልህን ሁሉ አትመን፣ ጣራውን ዝናብ ሲዘንብ ሄደህ እየው አልኩት። የመጨረሻውን አልሰማኝም፤ ጣራው ያፈሳል።

ሁለታችንንም ኑ አለን። እንደማይሆን ነገርኩት። አያትህን ጥዬ አልመጣም፣ አያትህ ደግሞ ስምህን እንኳ አይጠሩም አልኩት። «እኔ መጥቼ ራሴ እጠይቃቸዋለሁ» አለ።

መጣ። እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በሚኒባስ። ደግነቱ የዚያን ሳምንት መንገዱ ክፍት ነበር። እናትህ ሰላምታውን ተቀብለው ወደ ግቢ ወጡ። እሱ ቱታህን ለብሶ ከሰይድ ጋር ጋራዡ ውስጥ ዋለ፤ በማግሥቱም እንደዚያው። ቱታው እጁ ላይ አጥሮታል። እናትህ ከደጃፍ ወንበራቸው ተነሥተው ጋራዡ ወደሚታይበት ወደ ግቢያችን ማንጎ ጥላ ወንበራቸውን አዛወሩ። አየኋቸው።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ተበልቶ ሰይድ ለሶላት ሲሄድ እናትህ «መርከበኛው፣ ና እስቲ» አሉ። መጥቶ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ ዕቃ ማጠቤን አልተውኩም፤ ሁሉንም ግን እሰማለሁ።

«ልጄ የተቀበረ ዕለት የት ነበርህ?» አሉት።

«ባሕር ላይ ነበርኩ፣ እማማ።»

«እሱንማ አገር ሁሉ ነግሮኛል። ባሕር ላይ የት?»

የወደብ ስም፣ የሀገር ስም መጥራት ጀመረ። በእጃቸው አስቆሙት። «ስም አልጠየቅሁህም። መርዶው ሲደርስህ ምን ትሠራ ነበር?»

እሱም ነገራቸው። ለኔ እንኳ ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ታች ሞተር ክፍል ተራው ሆኖ ሲሠራ ወደ ላይ ጠሩት። ካፒቴኑ ሽበታም ሰው ነው፣ ቆሞ ነገረው። ብሩክም አውርዱኝ አለ። ካፒቴኑ ካርታ ዘረጋና መርከቡ ያለበትን በአንድ ጣቱ፣ የሚቀርበውን መሬት በሌላ ጣቱ ነካ፤ በሁለቱ ጣቶች መሀል ሰማያዊ ብቻ ነው። «ከሳምንት በፊት የምንደርስበት መሬት የለም» አለው።

«ከዚያስ?» አሉ እናትህ።

«ከዚያ ተመልሼ ሞተር ክፍል ወረድኩ።»

«ወደ ሥራ?»

«ተራው የኔ ነበር። ሌላ የምሄድበትም አልነበረኝም፣ እማማ።»

እሱ ቀጠለ። በማግሥቱ አንተ በምትቀበርበት ሰዓት ወጥ ቤት ያለው ሰው ምግብ ሠርቶ አቀረበ፣ መርከበኞቹ ሥራ ያልያዙት ሁሉ ላይ ወጥተው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። የየሀገሩ ሰው ነው፣ የሚጸልየውም በየቋንቋው ነው። አንዱ የአባትህ ስም ማን ነው ብሎ ጠየቀው። ነገራቸው። በየተራ ጠሩህ።

«ስሙን ጠሩት?»

«ጠሩት። በትክክል አልወጣላቸውም እንጂ ጠሩት።»

«ምን ብለው?»

«ታዴሲ።»

እናትህ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ እኔ ካለሁበት አይታወቅም ነበር። ብዙ ቆይተው «ያን ውኃ አሳየኝ» አሉት።

ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«በስልክ አይደለም። ወስደህ አሳየኝ።»

እኔን የጠየቀኝ የለም። ሳህኑን ደርድሬ ወደ ሱቅ ሄድኩ፤ አንድ ሾፌር ቺንጋ ፈልጎ ቆሞ ነበርና ሸጥኩለት። የተሳሳተ ልክ ሰጥቼው ኖሮ ከሐራ መንገድ ተመልሶ መጣ።

ፓስፖርት ለማውጣት ደሴ ሄድን። ቢሮው ውስጥ አንዲት ልጅ «እማማ፣ ለምን ጉዳይ ነው የሚሄዱት?» ብትላቸው «ለአንድ ውኃ ነው» አሏት። ልጅቱ ጸበል መስሏት «ያድንዎት» አለቻቸው። «አሜን» አሉ፤ ማብራራት አልወደዱም። አሻራ ሲሰጡ ጣታቸው አልነበብ አለ፤ ወፍጮና እርሻ ጠርጎታል። ደጋግመው ደጋግመው ነው የተነበበው።

እኅቴ ቤቱን ሽጪው አለችኝ። አልሸጥኩትም። ጋራዡንና ሱቁን ሰይድ ተከራይቶ ይሠራበታል፤ ስምህ በሩ ላይ እንደተጻፈ ነው፣ አላስጠፋውም አለ። የኋላውን ቤት ቆለፍኩና ቁልፉን ጦይባ ዘንድ ወሰድኩት። «ጠፍተሽ ብትቀሪስ ምን ላድርገው አልልሽም፣ አልማዝ» አለችኝ፣ «ብትመጪ ትከፍቺዋለሽ፣ ባትመጪም አቧራውን አራግፋለሁ። አላህ በሰላም ያድርሳችሁ፤ እሳቸውን ደግሞ ውኃው ዳር እንዳይቆሙ ያዣቸው።»

ልንሄድ ስንል መቃብርህ ዘንድ ሦስታችንም መጣን። ሣሩን ነቀልኩ። ብሩክ ፊት ለፊት ቆመ፤ አፈር ከመሬት ዘግኖ ጨበጠና መልሶ እላይህ ላይ በተነው። ዘግይቷል፣ ግን አደረገው። እናትህ ያለቅሳሉ ብዬ ልይዛቸው ተጠጋሁ። አላለቀሱም። «እሱ የትም አይሄድም» አሉ። «እኛ ደርሰን እንመጣለን።»

አውሮፕላን ላይ በመስኮቱ ደመናውን አይተው «ይኼ ነው?» አሉኝ። አይደለም፣ ደመና ነው አልኳቸው። መጋረጃውን ዘጉት።

አሁን ስለ ማሊንዲ ልንገርህ። ሙቀቱ የሐራን ይመስላል፤ የሐራው ያደርቅሃል፣ የዚህኛው ያረጥብሃል። ፀሐይ ጠዋት ከውኃው ውስጥ ትወጣለች፤ ተራራ ስለሌለ ሳትዘጋጅ ፊትህ ላይ ናት። ባሕር ዳር የተባለው ቤት ደግሞ በትክክል ባሕር ዳር አይደለም። ቪዲዮው የተነሣው ከመንገዱ ማዶ ነው። ከቤት ሆነህ የምታየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው፤ ባሕሩን ነፋሱ ሲያይል ትሰማዋለህ። ደላላውን አትመን ብዬው ነበር። የቧንቧው ውኃ ጨው ጨው ስለሚል የሚጠጣ በጀሪካን እንገዛለን። ጤፍ ከናይሮቢ ነው የሚመጣው፤ ሲጠፋ ሩዝ እንበላለን። ቤተ ክርስቲያናችን እዚህ ከተማ የለም፤ እናትህ እሑድ ጠዋት ወደ ሀገራችን፣ ወደ ሰሜን ዞረው ይቆማሉ፣ አቅጣጫውን ብሩክ ነው ያሳያቸው። በጾም ዓሣ ይበላል የሚል አንድ የኛ ሀገር ሰው መጥቶ ነበር። ሁለተኛ አልመጣም።

ሕፃናቱን ግን ወደዋቸዋል። እዚህ ሀገር ለሽማግሌ የተለየ ሰላምታ አለ፣ «ሺካሞ» ይባላል፣ ለእኩያ አይባልም። የሰፈሩ ልጆች ሲያልፉ ጎንበስ ብለው ይሏቸዋል። እሳቸውም «እግዜር ያሳድግህ» ይላሉ። የኛን መንደር ልጆች ይህ ቀርቶባቸዋል እያሉ ለኔ ያማሉ።

እንግዲህ እናትህ ያን ውኃ አሳየኝ ብለው ይህን ሁሉ መንገድ መጥተው ባሕሩን አላዩም። ብሩክ እንሂድ ሲላቸው «ይቆይ» ይላሉ። ሳምንቱ አለፈ። ሌላም ሳምንት ገባ። በረንዳው ላይ ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ብሩክ እኔን ያየኛል፣ እኔ ትከሻዬን እነቀንቃለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው ከክፍላቸው ወጡ። ዘንጋቸውን ይዘዋል። እሱ ከሥራ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

«ብሩክ፣ ተነሥ» አሉት።

አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ባዶ ሆኖ ቀረ። ስሙን ነው የጠሩት። እኔም ይዤው የነበረውን ልብስ መልሼ ገመዱ ላይ ሰቀልኩት፤ የደረቀ ልብስ ነው። ከዚያ ሦስታችንም ሄድን፤ እነሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

አሸዋው ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን አላወልቅም ብለው ነበር፤ አሸዋው ሲገባባቸው አወለቁ። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። አንድ ሰውዬ ኮኮናት ይሸጣል። ማንም ልብ ያለን የለም። ውኃው መጥቶ እግራቸውን ሲነካ ዘንጋቸውን አጠበቁና ቆሙ፣ አልሸሹም።

«የቱ ጋ ነበርህ?» አሉት።

ትከሻቸውን ይዞ ትንሽ አዞራቸውና እጁን ዘረጋ። «በዚያ በኩል፣ እማማ። ከዚህ አይታይም።»

«ከሚታየው በላይ ነው?»

«በጣም።»

«መንገድ የለውም?»

«የለውም።»

አዩት። ዓይናቸው ደካማ ነው፣ ምን ያህል እንዳዩ አላውቅም፤ ግን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ «ሩቅ ነው» አሉ። ጎንበስ ብለው ውኃውን በእጃቸው ዘግነው ቀመሱና ተፉት። «ይኼን ሁሉ ውኃ፣ የማይጠጣ!» ብለው ተቆጡ። ሲመለሱ ዘንጋቸውን ለኔ ሰጥተው በብሩክ ክንድ ተደግፈው ሄዱ። የዚያን ዕለት እራት ከእሱ ጋር ከአንድ ትሪ በሉ፤ አጎረሱትም። እኔ ውኃ ላምጣ ብዬ ተነሣሁ።

አንተ ባሕር አላየህም። አንድ ጊዜ፣ ብሩክ ገና ሳይወለድ፣ ከጽዋ ማኅበራችን ጋር ሐይቅ ስንሄድ አውቶቡሱ ተበላሽቶ ቀኑን ሙሉ ሥሩ ተኝተህ ዋልህ። ሰው ሁሉ ገዳሙን ተሳልሞ፣ ውኃውን አይቶ ሲመለስ አንተ በግራሶ ጠቁረህ ወጣህና «ምን ይመስላል?» አልኸኝ። «ውኃ ነው» አልኩህ። ሌላ ምን ልል? ባሕሩን ደግሞ ብትጠይቀኝ፣ እሱም ውኃ ነው፤ ግን ጠዋት ሄዶ ከሰዓት የሚመለስ ውኃ ነው። ሲሄድ ጀልባዎቹን አሸዋ ላይ ትቷቸው ይሄዳል፣ በጎናቸው ተጋድመው ይቀራሉ፣ ሰዎቹም ወርደው ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ብሩክ ሞተራቸውን የሚፈታው ያኔ ነው። ማንም አይቸኩልም። ውኃው እንደሚመለስ ያውቃሉ። ይህን ብታይ ደስ ይልህ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ውኃው እስኪሄድ ሥራ ቆሞ ሻይ ይጠጣል።

የብሩክ ሥራ ጥሩ ነው። ሞተር ሲያዳምጥ ዓይኑን ይጨፍናል። አንተ አትጨፍንም ነበር፤ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። እኔም አንዳንድ ቀን እየሄድኩ መለዋወጫውን በየመደርደሪያው አስተካክላለሁ። ሸሪኩ ሥርዓቴን መጀመሪያ አልወደደውም፤ አሁን የሚፈልገውን ሲያገኝ ዝም ይላል።

ወደድሽው ወይ ብትለኝ፣ ጠዋት ስነቃ የጭነት መኪና ድምፅ አልሰማም፤ ለእሱ እንዲህ ጆሮዬን እሰጥ እንደነበር አላውቅም ነበር። ጉልበቴን ግን እንደ ድሮው አያመኝም። የመጣነው ለወር ነበር። እናትህ ስለ መመለስ አያነሡም፤ ያነሡት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱንም ለብሩክ ነው የነገሩት። «እኔን ግን ልጄ አጠገብ ነው የምታሳርፈኝ» አሉት። እሺ አላቸው። «ባሕር ላይ ብትሆንስ?» አሉት። «አልሆንም» አላቸው። አመኑት። ለአምስተኛ ሙት ዓመትህ ሦስታችንም መርሳ እንመጣለን፤ ትኬቱን ብሩክ እያየ ነው። ከዚያ በኋላ ወደዚህ እንመለሳለን ወይስ እንቀራለን፣ አልተነጋገርንበትም። እኔና እናትህ እንዲህ ያለውን ነገር ተነጋግረንበት አናውቅም።

አንድ ነገር ልጨምርልህና ልጨርስ። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ያናግሩኛል። መጀመሪያ የተማርኩት የሽንኩርትና የቲማቲም ስም ነው፣ ቀጥሎ «አልገባኝም» የሚለውን። አንድ ቀን አትክልት የምትሸጥልኝ ሴት ባል አለሽ ወይ አለችኝ። በእጄ ወደ ታች፣ ወደ መሬት አሳየኋት። ገባት፣ አዘነችልኝም፤ ግን ወደ ቤት ስመለስ ደስ አላለኝም። አንተን በእጅ ምልክት መናገር አልወደድኩም። ብሩክን ጠየቅሁትና አስተማረኝ፤ ቀኑን ሙሉ ደጋገምኩት። በማግሥቱ ሄጄ ነገርኳት፦ «ሙሜ ዋንጉ አሊኩዋ ፉንዲ።» ባሌ መካኒክ ነበር ማለት ነው። በዚህ ሀገር ቋንቋ አሟልቼ የተናገርኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው።

ሴትዮዋ ሚዛኗን አስቀምጣ ብዙ ነገር ጠየቀችኝ። የምን መካኒክ፣ የት፣ ምን ዓይነት ሰው ነበር ማለቷ መሰለኝ። ልመልስላት ፈልጌ ቃል አጣሁ። አሁን ከብሩክ ጋር በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተማርኩ ነው። ገና ብዙ ይቀረኛል፤ ግን ቃሉን ባገኘሁ ቁጥር ሄጄ እነግራታለሁ።

አልማዝ